ሰው ሲገባ የሚጠፋ ምስል

ጋሽ ዑቕባሚካኤል የሚኖሩባት ቤት ጎማ አላት። ጣሊያኖች ሩሎት ይሏታል፤ በመኪና ተጎትታ በየባሕር ዳርቻው የምትዞር፣ አልጋና ምድጃ ውስጧ ያላት የሽርሽር ቤት ናት። ይህቺኛዋ ሽርሽሯን ከተወች ቆይታለች። ከአናኒና ሜትሮ ጣቢያ በአውቶቡስ አራት ፌርማታ አልፎ ሲኞር ፋውስቶ የሚባል ሰው አበባና የዛፍ ችግኝ የሚሸጥበት ግቢ አለ። እዚያ ጥግ ላይ፣ በወይራ ችግኝና በሸክላ ማሰሮ መካከል፣ በሁለት ጎማዋ ቆማለች።

ጋሽ ዑቕባሚካኤል ግቢውን ይጠብቃሉ፣ ችግኙን ያጠጣሉ፤ ሩሎቷም በዚሁ ምክንያት መኖሪያቸው ሆነች። ከዚያ በፊት ሰላም ፓላስ በሚባለው የስደተኞች ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ከአራት ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ነበር የሚኖሩት። ሩሎቷን ያገኙ ዕለት በሩን ከውስጥ ዘጉት፣ ከፈቱት፣ እንደገና ዘጉት፤ ከዚያም «እኔ ነኝ የዘጋሁት» አሉ። ይህን የነገረኝ ዘርኣይ ነው። ዘርኣይ የሰላም ፓላስ ጎረቤታቸው ነበር፤ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ይሸከማል፤ አፉ ግን ከሻንጣው ይከብዳል።

የጋሽ ዑቕባሚካኤል ሙያ ብስክሌት ነው። አስመራ ሳሉ ብስክሌት ይጠግኑ ነበር፤ እዚህም ችግኝ ካጠጡ በኋላ የሰፈሩን ብስክሌት ይጠግናሉ። የተጣመመ ቸርኬ ሲያቃኑ ማየት ደስ ይላል፤ በአንድ ጣት ያሽከረክሩትና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡታል። የጤፍ ፍሬ ታህል ቢዛነፍ ያውቁታል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ። ቸርኬ እንዲህ የሚያዳምጥ ሰው ቤቱ ስትዛነፍ አለመስማቱ እስካሁን ይደንቀኛል።

የተዋወቅነው ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ላይ፣ ስልክ የሚጠገንበት ሱቅ ወረፋ ላይ ነው። መስታወቱ የረገፈ ስልክ ይዘው ሠራተኛውን «ስልኩ ይቅር፤ ፎቶው ግን እንዳይጠፋ» እያሉ ይለምኑት ነበር። ፎቶው የልጃቸው የሃርነት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ሆና፣ ብስክሌት መሪ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እጇን ወደ ላይ አንሥታ ትስቃለች። ከኋላ የሚታየው የሰው ክንድ የእሳቸው ነው። ፎቶው በተነሣ በወሩ አገር ለቀቁ።

ይኸው ሃርነት ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ፎቶዋ ሰው ሲመጣ በሰው እጅ ይመጣል። እናቷ ወይዘሮ ኣስገደት ይደውላሉ፤ ኢንተርኔቱ ለቪዲዮ ስለማይበቃ የሚደርሰው ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱም እየተቆራረጠ። አንድ ቀን ጋሽ ዑቕባሚካኤል ችግኝ እያጠጡ «ሰብልዬ፣ መልኳን አውቀዋለሁ። ካደገች ወዲህ ግን ስትንቀሳቀስ አይቻት አላውቅም» አሉኝ። ቱቦውን ተቀብያቸው አጠጣሁ።

አሎራ፣ እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ።

ባለፈው የካቲት መጀመሪያ ላይ ሃርነት ራሷ ደወለች። እሷም ብስክሌተኛ ሆናለች፤ ማን ይከለክላታል። እሑድ አስመራ ከተማ ውስጥ የሴቶች ውድድር አለ፣ በሳተላይት ቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል አለቻቸው። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነበር፤ ትግርኛዬ ሽንኩርት ለመግዛት የሚሆን ነው፣ ያንን ቀን ግን ገባኝ።

«ባባ፣ አንዱን አደባባይ አሥር ጊዜ ነው የምንዞረው። ካሜራው እዚያ ነው የሚቆመው። በመጨረሻው ዙር እጄን አነሣልሃለሁ።»

«የትኛውን እጅሽን?»

«እየኝና ንገረኛ።»

«አይሻለሁ» አሉ። ስልኩ ተቋረጠ። እሳቸው ግን የተቋረጠውን ስልክ ጆሯቸው ላይ እንደያዙ «አይሻለሁ» ብለው ደገሙት።

ሩሎቷ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን የጣሊያን ጣቢያ ብቻ ነበር የሚያሳየው፤ እሱንም ነፋስ ሲነፍስ ይተወዋል። በስልክ እንይ ብንል ጣቢያው የቀጥታ ውድድር በሳተላይት እንጂ በሌላ እንደማያስተላልፍ ዲሽ የሚተክለው ምሕረትኣብ አጣርቶ ነገረን። ሰላም ፓላስ ሄደው እንዳያዩ እሑድ ሲኞር ፋውስቶ የለም፤ ግቢውን ጥሎ መሄድ አይሆንም። ስለዚህ ሳተላይቱ ወደ ሩሎቷ መምጣት ነበረበት።

ምሕረትኣብ አርባ ዓመት የሞላው፣ ቁጥብ፣ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው። ሰላም ፓላስ ጣሪያ ላይ ካሉት ፓራቦላዎች ግማሹን የተከለው እሱ ነው፤ እዚህ ዲሹን ፓራቦላ ነው የምንለው። ማክሰኞ፣ እኔም ከሥራዬ አስፈቅጄ በመጣሁበት ቀን፣ አንድ ሰማንያ ሳንቲሜትር ፓራቦላ ተሸክሞ መጣና ሩሎቷን ዞር ዞር ብሎ አያት። ግድግዳዋን በጣቱ ቆረቆረው።

«ይሄ ካርቶን ነው። ፓራቦላ የሚሸከም ጠንካራ ብረት ያስፈልጋል።»

በሆዱ ተኝቶ ከሥሯ ገባ። በኋለኛው ማዕዘን ግራና ቀኝ፣ እየተጠመዘዙ ወደ መሬት የሚወርዱ ሁለት የብረት እግሮች አገኘ። የፊተኞቹ ድሮ ዝገው ወድቀዋል።

«ጋሼ፣ እነዚህ ለምንድን ናቸው?»

«ስትቆም እንዳትነቃነቅ ይመስለኛል።»

«የት ልትሄድ? ጎማዋ እንኳን ግማሽ ጭቃ ውስጥ ገብቷል።»

ፈታቸውና ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ለፓራቦላው መቆሚያ አደረጋቸው። ዘርኣይ ቆሞ እያየ «ከእግሯ ወስደህ ለራሷ ሰጠሃት» አለ። ሳቅን። እኔም ሳልቀር ሳቅኩ።

ምሕረትኣብ መሰላል ላይ ወጥቶ ወደ ደቡብ አቅጣጫ ፓራቦላውን በትንሽ በትንሹ ያዞራል፤ ጋሽ ዑቕባሚካኤል ውስጥ ቁጭ ብለው ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየውን የሲግናል ቁጥር ይጠራሉ። «ሠላሳ። ሠላሳ ሁለት። ጠፋ። አርባ። ቆይ ቆይ፣ ስድሳ ስምንት። አትንካው።» ምሕረትኣብም አልነካውም፤ ብሎኑን አጠበቀው። በማግሥቱ ሲኞራዬን እያበላሁ ሳለ ስልክ ተደወለ። እኔ ቱስኮላና አካባቢ አንዲት አሮጊት እጠብቃለሁ፤ ባዳንቴ ነኝ። «ሰብልዬ፣ አንድ ሰውዬ ዜና ያነባል፤ ፊቱ ላይ ያረፈችው ዝንብ ሳትቀር ትታያለች» አሉኝ ጋሽ ዑቕባሚካኤል።

የባዳንቴ ዕረፍት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ሐሙስ ዕለት አንድ ካርቶን ኬክ ይዤ ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ዘርኣይም መጣ። ገባን፣ ከኋላ ባለው ጥምዝ መቀመጫ ላይ ተቀመጥን። ወዲያው ምስሉ እንደ ተሰበረ ሸክላ ተቆራረሰ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያም ሲግናል የለም የሚል ጽሑፍ መጣ።

«አሁን እኮ ነበር» አሉ ጋሽ ዑቕባሚካኤል።

ሦስታችንም ወጥተን ፓራቦላውን አየን። ፓራቦላው በቦታው ነው። እርግብ የለም፣ ቅርንጫፍ የለም። እንዲህ አንጋጠን ሳለን ከውስጥ አንዲት ሴት ስለ አየር ሁኔታ መናገር ጀመረች። ሮጠን ገባን። ጠፋ። ወጣን። ሴትዮዋ ቀጠለች። ገባን። ጠፋ።

ዘርኣይ ጉልበቱን ይዞ ቆመ። «ጋሼ፣ ይሄ ቴሌቪዥን እርስዎን ለምዷል። እኛን አያውቀንም።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«ያስተዋውቁን።»

ምሕረትኣብ ዓርብ መጣ። ጋሽ ዑቕባሚካኤል ብቻቸውን ተቀምጠው ሲያዩ አገኛቸው፤ ምስሉ ደኅና ነው። ራሱ ሲገባ ተቆራረሰ። ገመዱን ቀየረ፣ የፓራቦላውን ዓይን ቀየረ፣ ሪሲቨሩን አጥፍቶ አበራ። በመጨረሻም «ስልክ ነው» ብሎ ፈረደ። «ሰው ስልክ ይዞ ሲገባ ይረብሸዋል። እሑድ የሚገባ ሰው ሁሉ ስልኩን በር ላይ ይተው።» ቅዳሜ ጋሽ ዑቕባሚካኤል ስልካቸውን ባልዲ ውስጥ ጥለው ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን አዩ። አንዴም አልጠፋም። «ስልክ ነው፣ ምሕረትኣብ አዋቂ ነው» አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። ማን አያምንም፣ ሠርቷላ።

እሑድ መጣ። ውድድሩ በእኛ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ዘርኣይ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለአንድ ሰው በሹክሹክታ ነግሮ ኖሯል። የእኛ ሰው ደስታ ያለበትን ቤት ብቻውን አይተውም። ከቅዳሴ በኋላ ነጠላቸውን እንደለበሱ አሥራ አንድ ሰዎች ከአውቶቡስ ወረዱ፤ ድፎ ዳቦ አለ፣ ወጥ አለ፣ በሁለት ሰው የተደገፉ እማማ ቅድሳን አሉ። እማማ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ወፍ ያህላሉ፤ መነጽራቸውን ቤተ ክርስቲያን ረስተዋል።

ጋሽ ዑቕባሚካኤል በር ላይ ቆመው ሁሉንም እያቀፉ ሳሙ። ፊታቸው በርቷል። ሱፍ ኮት ለብሰዋል። «ግቡ፣ ግቡ፤ ስልካችሁን እዚህች ባልዲ ውስጥ ብቻ ጣል አድርጉልኝ።» ሕዝቡ ሳቀና ስልኩን ጣለ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ሲቀመጡ ምስሉ ተቆራረሰ። አምስተኛው ሲገባ ጠፋ።

«ማነው ስልክ የደበቀ?» አለ ዘርኣይ። ኪስ ተፈተሸ። የአንዲት ሴትዮ ሰዓት ተጠርጥሮ ባልዲ ገባ። ምሕረትኣብ መሰላሉን ወጣ። «እንግዲህ እናንተ እንዳላችሁ አስተካክለዋለሁ፤ ማንም እንዳይነቃነቅ» ብሎ ከላይ ጮኸ። እኛም ትንፋሻችንን ያዝን። ቁጥሩን የምጠራው እኔ ነኝ፤ ሃያ፣ ሠላሳ አምስት፣ ሃምሳ። ምስል መጣ። መንገድ ታየ፣ የዘንባባ ዛፍ ታየ፣ አጥር ይዞ የቆመ ሰው ታየ። ጋሽ ዑቕባሚካኤል «ያ መንገድ» ብለው በጣታቸው አሳዩ።

በዚህ ጊዜ እማማ ቅድሳን በር ላይ ደረሱ። ያለነው በሙሉ ከመቀመጫችን ብድግ አልን።

«ኖር።»

«በእግዚአብሔር፣ አትነሡ ልጆቼ።»

እስኪቀመጡ ድረስ ማን ይቀመጣል? ቆምን። ምስሉ ጠፋ። እማማን ጥግ አስቀመጥናቸው፤ ተቀመጥን። ምሕረትኣብ ከላይ እንደገና ፈለገ። ሃያ፣ አርባ። ከሽንት ቤት የተመለሰ አንድ ሽማግሌ ገባ። ብድግ። «ኖር።» «ኧረ ተቀመጡ።» ጠፋ። ከጣሪያው ላይ ምሕረትኣብ በጣሊያንኛ አንድ ነገር ሲል ሰማሁ፤ እሑድ ስለሆነ አልጽፈውም።

እኔ በዚህ መሐል ሻይ እያዞርኩ ነበር። አሥራ አንድ ብርጭቆ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ዘወር ብዬ ስመለስ ብርጭቆዎቹ በሙሉ ወደ አንድ ጥግ ተሰብስበው፣ የመጨረሻው እማማ ጉልበት ላይ ደርሷል።

«ሻዩ ራሱ መጣልኝ» አሉ እማማ።

አንዱን ብርጭቆ አንሥቼ እንደገና አስቀመጥኩት። ሻዩ በብርጭቆው ውስጥ አንድ ጎኑ ከፍ፣ አንድ ጎኑ ዝቅ ብሎ ቆሟል። ዘርኣይ ቦታ ሊለቅ ሲነሣ ሻዩ ተንቀሳቀሰ። ሲቀመጥ ተመለሰ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ከሌላ ሰው ቀድሞ ገብቶኝ አያውቅም። ወጥቼ መሰላሉ ሥር ቆምኩ።

«ምሕረትኣብ፣ ስልክ አይደለም። ሰው ነው። ሰው ሲገባ ቤቷ ታዘማለች።»

ወረደ። ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየ። እግሮቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ሁለት ባዶ የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። ቀና ብሎ ፓራቦላውን የተሸከሙትን ብረቶች አየ። 

«እግሯን» አለ በመጨረሻ።

ከሰባት ሰዓት ሃያ ደቂቃ አልፏል። ብረቶቹን ፈትቶ መመለስ ፓራቦላውን ማውረድ ነው። የችግኝ ሳጥን ከሥሯ ከተተ፤ ተሰባበረ። ጡብ ከተተ፤ ጡቡ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። ከዚህ ሁሉ በላይ ዝናብ ጀመረ። ለመጠለያ የሚሆነው፣ ችግኝ የሚያድግበት የላስቲክ ቤት እሑድ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ሲኞር ፋውስቶ ጋ ነው።

ጋሽ ዑቕባሚካኤልን ወደ በሩ ጠርቼ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ከዚያ በሩን ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ልክ ቸርኬ እንደሚያዳምጡት። ውስጥ አንድ ሰው ሳቅ ብሎ ወደ ኋላ ተደገፈ። ዓይናቸውን ገለጡ።

«አዎ» አሉ።

«እንግዶቹ ትንሽ ይውጡና።»

«ሰብልዬ። ቤቴ የመጣ ሰው፣ ዳቦ ይዞልኝ የመጣ፣ ውጣ ልበለው?»

«እርስዎ አይበሉ። እኔ ልበል።»

«አንቺስ በማን ቤት ነው የምትይው?»

እውነታቸውን ነው። እኔም አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ነገሩን የቆረጠልን ዘርኣይ ነው፤ ለዚህች ብቻ እንኳ አመሰግነዋለሁ። መሐል ቆሞ አጨበጨበ።

«ወገኖቼ፣ ቅዳሴ ላይ ሦስት ሰዓት ቆማችኋል። ቤቷን ከብዳችኋታልና ሌላ ግማሽ ሰዓት ውጪ ቁሙላት። ከሰባ ኪሎ በላይ የሆናችሁ ቅደሙ፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።»

«አንተ ምራን» አለችው አንዲት ሴትዮ።

ሰው ሁሉ ወጣ፣ ቅር ሳይለው። ጋሽ ዑቕባሚካኤልም ዳቦውን በነጠላ ሸፍነው ተከትለው ወጡ።

«እርስዎ የት?» አልኳቸው።

«እንግዳ ዝናብ ላይ ቆሞ እኔ ውስጥ ልቀመጥ?»

«የመጡት እኮ ልጅዎን ሊያዩልዎ ነው።»

«ለዚህ ነው የምወጣው።»

ውስጥ የቀሩት እማማ ቅድሳን ብቻ ናቸው። ደረጃዋ ከፍ ያለች ናት፤ ሲያወጧቸውም ሁለት ሰው ነው የደገፋቸው።

ምሕረትኣብ መሰላሉ ላይ ሆኖ ፓራቦላውን ትንሽ ነካ አደረገው። በድንገት ድምፅ መጣ። ፈጣን ድምፅ፣ የውድድር ዘጋቢ ድምፅ። ዝናቡ ሳተላይቱን አድክሞታል፤ ሆኖም ይዟል። በትንሿ የላስቲክ መስኮት ተሻምተን አየን። መስኮቷ ከዕድሜዋ ብዛት ተፍቃ፣ በትንፋሻችንም ጉም ለብሳ፣ የሚታየው የቀለም ጠብታ ብቻ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ የሚሮጥ ቢጫ።

«እማማ፣ ምን ይታያል?» አለ ዘርኣይ በመስኮቱ።

«ብስክሌት።»

«ስንት?»

«ብዙ።»

ያኔ ዘጋቢው ስሟን ጠራ። ሃርነት ዑቕባሚካኤል። ከፊት ካሉት ስድስት ሴቶች መካከል፣ የመጨረሻው ዙር።  ጋሽ ዑቕባሚካኤል ዳቦውን ለእኔ ሰጡኝና ወደ በሩ ሄዱ። አንድ እግራቸውን ደረጃዋ ላይ አሳረፉ። ሩሎቷ ዝቅ አለች። ድምፁ ተቆራረጠ፣ ቆመ።

እግራቸውን አነሡ። ድምፁ መጣ።

እንደገና በቀስታ፣ በጣታቸው ጫፍ ብቻ ረገጡ። ተቆራረጠ። አነሡ።

ምሕረትኣብ ከመሰላሉ ላይ «እማማን አቅፌ ላውርዳቸው፤ እርስዎ ይግቡ» አለ። ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

«በዚህ ዝናብ? ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን ሰው? አትንካቸው።»

ምን ልናደርግ እንችላለን? እኔ ዳቦ ታቅፌያለሁ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ወደ ባልዲው ሮጥኩ። የእኔን ስልክ ፈልጌ ቪዲዮውን ከፈትኩና በመስኮቱ ስንጥቅ ለእማማ አቀበልኳቸው።

«እማማ፣ ይህንን ወደ ቴሌቪዥኑ ይያዙልን፤ እንዲህ፣ ፊቱን ወደዚያ።»

«ማን ነው የደወለው?»

«ማንም አልደወለም። ዝም ብለው ወደ ቴሌቪዥኑ ይያዙት።»

«እሺ» አሉ። እኔም ተመስገን አልኩ።

ጋሽ ዑቕባሚካኤል በሩ ሥር፣ ከደረጃዋ አንድ ጫማ ርቀው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ዝናቡ በኮታቸው ላይ ይወርዳል። ዘጋቢው እየፈጠነ፣ እየጮኸ ሄደ። አንዷ አሸነፈች፤ ስሟ የሃርነት አልነበረም። ሃርነት አራተኛ ወጣች። ደጅ ያለው ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሽ ዑቕባሚካኤል ወደ እያንዳንዱ ዞረው እጅ እየነሡ አመሰገኑ።

ከዚያ እማማ ወረዱ፤ ስልኬን በነጠላቸው ጠርገው መለሱልኝ። ሰው ሁሉ ከበበን። ቪዲዮውን ከፈትኩት።

ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው። የሚታየው የእማማ ቅድሳን ጆሮ ነው። አንድ ጉትቻ፣ ትንሽ ሽበት፣ የነጠላ ጥለት። ስልክ እንደሚነጋገር ሰው ጆሯቸው ላይ ይዘውት ኖሯል። ዘጋቢው ከሩቅ ይጮኻል፤ በቅርብ የእማማ ትንፋሽ ይሰማል። ማንም አልሳቀም፣ ዘርኣይ እንኳ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እማማ ለራሳቸው ሲያወሩ ይሰማል።

«ይህቺ ደግሞ ምን ሆነች? መሪውን ለቃ እጇን ታወዛውዛለች። ትወድቃለች ይህቺ ልጅ።»

ጋሽ ዑቕባሚካኤል ቀና አሉ። «እማማ፣ ስለ እጅ ማን ነገረዎት?»

«የምን እጅ?»

«እጇን አነሣች ብለዋል።»

«ብያለሁ? እንግዲህ አንሥታ ይሆናል። መነጽሬ የለም እንጂ።»

«የትኛውን እጇን?»

እማማ አሰቡ። የራሳቸውን ሁለት እጆች ዘርግተው አዩ፤ አንዱን ከፍ አደረጉ፣ መለሱ፣ ሌላውን ከፍ አደረጉ።

«አላወቅኩም ልጄ።»

«ግድ የለም» አሉ ጋሽ ዑቕባሚካኤል። ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሳሟቸው። ከዚያ ዳቦው ተቆረሰ፤ ዝናብ ላይ ቆመን በላን።

ምሕረትኣብ በማግሥቱ እግሮቹን መለሰ፤ ለፓራቦላው መቆሚያ ሌላ ብረት መሬት ላይ ተከለ። አሁን ሃያ ሰው ቢገባ፣ ሃያውም ኖር ብሎ ቢነሣ ምስሉ አይነቃነቅም። ከዚያ ወዲህ ግን የሴቶች ውድድር አልተላለፈም። ቪዲዮውን ላኪልኝ ብለውኝ ልኬላቸዋለሁ። ብስክሌት ሲጠግኑ ስልኩን ሳጥን ላይ አስደግፈው ይከፍቱታል፤ ጆሮው ይታያል፣ ዘጋቢው ይጮኻል።

ሃርነት የደወለችው በአራተኛው ቀን ነው፤ ሐሙስ ስለነበር እኔም አለሁ። ስልኩ ይንኮሻኮሻል፤ ድምፅዋ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«ባባ፣ አየኸኝ?»

ጋሽ ዑቕባሚካኤል ቸርኬ ይዘው ነበር። አስቀመጡት። እኔን አዩኝ፤ እኔ መሬት አየሁ።

«አየሁሽ።»

«እጄንስ?»

«እሱንም። ሁለተኛ መሪ እንዳትለቂ፤ ትወድቂያለሽ።»

ሳቀች፤ ሳቋ በደንብ ደረሰን። ከዚያ «የትኛው ነበር?» አለች፤ ወይም እንዲያ ያለች መሰለኝ፤ ወዲያው ተቋረጠ። ጋሽ ዑቕባሚካኤል እንደገና ትደውል ይሆናል ብለው ስልኩን በእጃቸው ይዘው ብዙ ጠበቁ። ፎቶውን ከፈቱ፤ ብስክሌት መሪ ላይ ያለችውን የሦስት ዓመት ልጅ።

«እዚህ ላይ ያነሣችው ቀኟን ነው» አሉኝ። «ቀኟን ብል ምን ይመስልሻል?»

ስልኩ ያን ቀን አልጮኸም።